የስለቱ ዘቢብና ጥቁሩ ጠላዬ

በእኛ ጊዜ ነገሌ ላይ፣ በጦሩ ሰፈር ስታልፉ፣ የማን አገር ሰው የት ቤት እንደሚኖር በጠላው ሽታ ትለዩ ነበር። አዎ፣ አትሳቂ አንቺ፣ እውነቴን ነው። የጎጃሟ ቤት ሌላ ነው፣ የጎንደሯ ሌላ ነው፣ የትግሬዋ ሌላ ነው። ወታደሩ ከየአገሩ መጥቷል፣ ሚስቱም ጋኗን ይዛ መጥታለች፣ ታዲያ ቅዳሜ ከሰዓት በዚያ ሰፈር አንድ ጊዜ ከተዘዋወርሽ ኢትዮጵያን ዞርሽ ማለት ነው፣ ያውም በአፍንጫሽ።

እኔ ታዲያ ከነዚያ ከአንዷም አይደለሁም። እኔ የዚሁ ልጅ ነኝ፣ ቦረና ነኝ፣ አባቴ ከብት የሚነግድ፣ እናቴ ወተት የምትሸጥ። ጠላ በቤታችን አልነበረም። ዳርሚ ወላጆቼ ያወጡልኝ ስም ነው፣ የክርስትና ስሜ ሌላ ነው፣ እሱ ለቄስ ብቻ ነው። ክርስትና የተነሳሁት ታደሰን ላገባ ስል ነው። ታደሰን አታውቁትም እናንተ፣ ሳትወለዱ ነው የሞተው። አስር አለቃ ነበር፣ የመንዝ ሰው፣ ዝምተኛ። ድንበር ዘምቶ ስድስት ወር ጠፍቶብኝ በደህና የገባ ሰው ነው። ያን ጊዜ እኔ ብቻ አይደለሁም ያለቀስኩት፣ መንዝ ላይ እናቱም ያለቅሱ ነበር። ለካ እሳቸው ስለት ተስለዋል። እኔ ምን አውቄ። ስለት ምን እንደሆነስ በወጉ መች አውቅ ነበር።

እና አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። «ሳልሞት ልየው፣ ያገባትንም ልያት፣ መጣሁ» ይላል። ታደሰ አነበበልኝና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። «ምነው?» አልኩት። «እናቴ ከቤታቸው ወጥተው አያውቁም» አለ። «ታዲያ ጥሩ አይደል?» «ጥሩ ነው» አለ፣ ፊቱ ግን ጥሩ አይልም።

አማቴ ወይዘሮ በለጡ ይባላሉ። የተሳፈሩበት መኪና ቦሬ ላይ ጭቃ ይዞት ሁለት ቀን ብርድ ላይ አድረዋል። ሲወርዱ አየኋቸው፣ ረጅም ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፣ ነጠላቸው ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ እንኳ ንጹህ ነው። እኔ ሳምንት ሙሉ «እንዴት ከረሙ እማማ፣ መንገዱ እንዴት ነበር» እያልኩ ሳጠና ሰንብቻለሁ። ፊታቸው ስቆም ምን ልበል? «አካም፣ ናጋዳ?» አልኳቸው። በቃ አፌ የለመደውን አወጣ።

«ታደሰ» አሉ አማቴ፣ እኔን እያዩ፣ «ምን አለችኝ?»

«ሰላም ነዎት ወይ አለችዎት።»

«እሺ። ሰላም ይስጣት» አሉ። እና ገቡ።

ክፉ አልነበሩም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ግን ከእጄ አልበሉም። የጽጌ ጾም ነበር፣ እኔም ጾም ነው ብዬ ቅቤ ያልነካው ሽሮ ሠራሁ፣ «ሆዴን መንገድ አበላሸው ልጄ» አሉ። ምስር ሠራሁ፣ «ዛሬ አላሰኘኝም» አሉ። ከመንዝ ድርቆሽ በስልቻ አምጥተዋል፣ እሱን ራሳቸው በውሃ እያራሱ ይበላሉ። ውሃውንም ራሳቸው ይቀዳሉ። እኔ ታዲያ ጠዋት ጠዋት ስልቻውን በዓይኔ እመዝናለሁ፣ ስንት ቀረው እያልኩ። ድርቆሹ ሲያልቅ ምን ይሆናሉ? ወይ ከእጄ ይበላሉ፣ ወይ አገራቸው ይገባሉ፣ ወይ ታደሰን ይዘውት ይሄዳሉ። እኔ ያሰብኩት ይህን ነበር። አልከፋኝም ብዬ ለሰው አወራለሁ። ውሸቴን ነው፣ ከፍቶኝ ነበር። ዘጠኝ እህትና ወንድም በእጄ አብልቼ ያሳደግኩ ሰው ነኝ እኮ።

ጎረቤቴ ሸዋዬ የጎንደር ልጅ ነበረች፣ እሷ ናት አማርኛውንም ወጡንም ያስተማረችኝ። «አንቺዬ» አለችኝ፣ «አትዘኚ። ሰው ሰው አገር ሲገባ ሆዱም እንግዳ ይሆናል። በጠላ ያዢያቸው። የመንዝ ሰው እህል እንቢ ሊል ይችላል፣ ጠላ እንቢ አይልም።»

ጠላ! እኔ? በሕይወቴ ጠምቄ የማላውቅ!

ግን ነገሩ ራሱ መጣ። አማቴ ከመንዝ ሲመጡ ሦስት ቋጠሮ ይዘው ነበር። ቆላ ላይ ምን ይገኛል ብለው ነው። አንዱ ጌሾ ነው፣ አንዱ ብቅል ነው፣ አንዱ ትንሽ ነው፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ። ሦስቱንም ግድግዳው ላይ ካለ አንድ ችካል ሰቀሏቸው። እና ለታደሰ «ለኅዳር ሚካኤል ጠላ እጠምቃለሁ፣ ዝክር አወጣለሁ፣ በሕይወት ገብተህልኛልና» ሲሉ ሰማሁ። ስለ ትንሿ ቋጠሮ ምንም አላሉም። ማን ይጠይቃል? እኔ አልጠየቅኩም።

ታዲያ ጠላው ሊጠመቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አማቴን ወባ ጣለቻቸው። የደጋ ሰው፣ ወባ አይቶ የማያውቅ፣ እንዴት አድርጋ እንደጣለቻቸው አትጠይቁኝ። ይንቀጠቀጣሉ፣ ይቃዣሉ፣ የሞተ ባላቸውን ይጠራሉ። የጦሩ ድሬሰር መጥቶ መራራውን ኪኒን ሰጠ፣ «ሆዳቸው ባዶ እንዳይሆን» አለ። ባዶ እንዳይሆን! ምን ላብላቸው? ድርቆሽ ለታመመ ሰው አይሆንም። ታደሰ ለጥበቃ ወጥቷል። እኔ ታዲያ እናቴ ጋ ሄድኩና የፍየል ወተት አመጣሁ፣ በኛ ደንብ በጭስ በታጠነ ዕቃ። ማንኪያ በማንኪያ አጠጣኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይውጡታል። እኔ በልቤ «ተመስገን፣ ራሳቸውን አያውቁም፣ ቢያውቁ ይተፉብኝ ነበር» እላለሁ። ጠዋት አጠጣለሁ፣ ቀን አጠጣለሁ፣ ከሰዓት አጠጣለሁ። ስድስት ቀን።

ሚካኤል ደግሞ አይጠብቅም። ዝክሩ ከተጓደለ ታደሰ አንድ ነገር ይሆናል ብለው በቅዠታቸው ይጮኻሉ። «ጋኑ! ጋኑ!» ይላሉ። እሺ፣ እጠምቃለሁ አልኩ። ሸዋዬ ደግሞ በዚያው ሰሞን እህቷ ወልዳ ወደ አዶላ መሄድ አለባት። እግሯ መኪና ላይ ሆኖ ነው ያስተማረችኝ፤ «ጋኑን በግራዋ እጠቢ፣ በወይራ እጠኚ። ጌሾውን ወቅጠሽ ጠንስሺ። በሦስተኛው ቀን ብቅሉን ጨምሪ። ከዚያ ገብሱን ቆልተሽ ፈጭተሽ እንኩሮ አድርጊው፣ ጥቁር እስኪል አንኩሪው፣ አትፍሪ፣ ከዚያ ደፍድፊ።» መኪናው ሄደ። ስለ ትንሿ ቋጠሮ እሷም የነገረችኝ የለም፣ ምኑን አውቃ!

ጋኑን አጠብኩ። ስለ ማጠን ግን ለእኔ ማንም አይነግረኝም። ወይራ ያሉት የኛው ኤጀርሳ ነው፣ እናቴ የወተት ዕቃዋን የምታጥንበት። ሌላው ሴት አንድ ጊዜ ያጥናል፣ እኔ ሦስት ጊዜ አጠንኩት፣ እንደ ወተት ዕቃ። ገብሱን ቆላሁ፣ እንኩሮውን ሳነኩር ሸዋዬ «አትፍሪ» ብላኝ የለ? አልፈራሁም። ጠቁሮ ጠቁሮ የከሰል ጎረቤት ሆነ። ጌሾው ገባ። ብቅሉ ገባ። እና ዞር ስል ትንሿ ቋጠሮ ችካሉ ላይ አለች።

ፈታኋት። ጥቁር ጥቁር፣ የተጨማደደ ፍሬ ነው። አንዷን አፌ ውስጥ አደረግኩ። ጣፈጠኝ። ዘቢብ መሆኑን አውቄዋለሁ፣ ሞያሌ አረቡ ሱቅ አይቼዋለሁ፣ ልጆች ይበሉታል። ታዲያ አሰብኩ፣ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ይህች ሴትዮ ከመንዝ እስከ ነገሌ፣ በዚያ ጭቃ፣ ይህን በደረታቸው ታቅፈው የመጡት ለልጅ ጣፋጭ አይደለም። ከጌሾውና ከብቅሉ ጋር የሰቀሉትም ያለ ነገር አይደለም። የመንዝ ጠላ ምስጢሩ ይሄ ነው! አልኩ። ሴቶቹ ለሰው የማይናገሩት ይሄ ነው! ደስ አለኝ፣ ልጆቼ፣ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሲድኑ ቀምሰው «ይህች ልጅ ሳልነግራት አወቀችው» ይላሉ አልኩ። ሙቀጫ ውስጥ ጨምሬ ወቀጥኩትና አንድም ሳላስቀር ጋኑ ውስጥ። ደፈደፍኩ፣ ውሃውን ሞላሁ፣ አፉን በጭቃ መረግሁ።

እንግዲህ አማቴ ዳኑ። ከበሽታው ግን ሌላ ሰው ሆነው ነው የተነሱት፣ ለችካሉ ጀርባቸውን ሰጥተው መደብ ላይ ተደግፈው ይቀመጣሉ። ታደሰም ከጥበቃ ገባ፣ ሸዋዬም ተመለሰች። የሚካኤል ዋዜማ ዕለት ከሰዓት በኋላ አባ ገብሬ መጡ። የሰፈሩ ቤተክርስቲያን ቄስ ናቸው፣ ሽማግሌ፣ ቀልደኛ። ዝክሩን ሊያዩ፣ አማቴንም ሊጠይቁ ነው የመጡት። ታደሰም «በል እንግዲህ፣ ይከፈት» አለ።

ጭቃውን ፈነቀልኩት። ሽታው ቤቱን ሞላው፣ ሁሉም ዞር አለ። ቀዳሁ። ጥቁር ነው፣ ድቅድቅ ያለ ጥቁር፣ ወደ ብርሃን ስታነሺው ግን ጫፉ ላይ ቀላ ይላል። መጀመሪያ እኔው በመዳፌ ቀመስኩ፣ ጠማቂዋ ሳትቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም። ልንገራችሁ እንዴት እንደነበረ፤ መጀመሪያ ጭሱ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ፣ የእናቴ ቤት ጭስ። ቀጥሎ የዳቦ ቅርፊት ነው፣ ትንሽ ያረረው፣ ሁላችሁም ተሻምታችሁ የምትበሉት። ከዚያ ብቅሉ ይመጣል፣ ወፍራም፣ ምላስ ላይ የሚቀመጥ። ልትውጪው ስትይ ደግሞ ከወደ ምላስሽ ሥር ጣፋጭ ነገር ይነሳል። ማር አይደለም። ስኳር አይደለም። ፀሐይ ላይ ከርሞ የመጣ ጣፋጭ ነው፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለበት። እሱን አገኘሁት ስትይ ጌሾው መጥቶ በምሬት ይዘጋዋል። እና ሌላ ትፈልጊያለሽ። እኔ ጠላ ጠጥቼ የማላውቀው እንኳ ሌላ ፈለግኩ።

ሸዋዬ ቀመሰች። «አንቺ!» አለች፣ «ይህን ማን አስተማረሽ? እኔ አይደለሁም።» ታደሰ ቀመሰ፣ ያ ዝምተኛ ሰው። ጣሳውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና ጠጣ። «እንዲህ ያለ ጠላ መንዝም የለም» አለ። እኔ ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩት፣ አይ እሱ፣ የእናቱን ምስጢር የማያውቅ ብዬ።

አባ ገብሬ ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ቀልዳቸው የት ገባ?

«ልጄ» አሉኝ፣ «ምን አደረግሽበት?»

«ምንም አባ፣ እማማ ከአገር ያመጡትን ነው። ሦስቱንም ቋጠሮ።»

«ሦስተኛው ምን ነበር?»

«ዘቢብ» አልኩ። ኮርቼ ነው ያልኩት።

አባ ገብሬ አንገታቸውን ደፉ። «ዘቢብ መሆኑንስ ምላሴ አውቆታል» አሉ፣ «ለቁርባን ስዘፈዝፈው፣ ስጨምቀው ነው የኖርኩት።» እና ወደ አማቴ ዞሩ፣ «እመት በለጡ፣ የርስዎ ነበር?»

አማቴ ከመደቡ ተነሱ። ግድግዳውን ይዘው ሄደው ችካሉን በእጃቸው ዳሰሱት፣ በዓይናቸው አላመኑም መሰለኝ። ከዚያ ቁጭ አሉ፣ መሬት ላይ። «የሚካኤል ነበር» አሉ። «ልጄ በሕይወት ከገባ፣ ባለበት አገር ድረስ ራሴ ሄጄ፣ ለቁርባንህ ዘቢብ ይዤ እመጣለሁ ብዬ የተሳልኩት ነበር። ነገ ነበር የማስገባው።»

ልጆቼ፣ እኔ ያን ጊዜ የገባኝን ነገር እናንተ አይግባችሁ። የባሌን ነፍስ የገዛችውን ስለት ወቅጬ ጋን ውስጥ ጨምሬአለሁ። ሸዋዬ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ አማቴ እግር ላይ ወደቅኩ፣ አማርኛው ጠፋኝ፣ በኦሮምኛ ነው የማለቅሰው፣ «እንቤክኔ፣ እንቤክኔ» እላለሁ። አላወቅኩም፣ አላወቅኩም ማለት ነው። በመጨረሻ አማርኛው ሲመጣልኝ «የመንዝ ጠላ እንዲህ ይመስለኝ ነበር እማማ፣ እንዲወዱልኝ ነው» አልኩ።

አማቴ አባ ገብሬን ነው የጠየቁት፤ «አባ፣ በልጄ ላይ ይመጣል?»

አባ ገብሬም «ተነሽ አንቺ ልጅ» አሉኝ መጀመሪያ። ከዚያ ለአማቴ «እመት በለጡ፣ ይህ ጠላ የተጠመቀው ለማን ነው?» አሉ።

«ለሚካኤል ዝክር።»

«ዘቢቡስ ለማን ነበር የመጣው?»

«ለሚካኤል።»

«ታዲያ መቼ ከሚካኤል ወጣ? ለቁርባን የሚሆነውን ዘቢብ እኔው አለኝ። ይህ ጋን ግን ነገ ከዚህ ቤት ይወጣል። ለቤት አይቀርም፣ አይሸጥም። ደጀ ሰላም ገብቶ ነዳያን ይጠጡት፣ የደከመ ይጠጣው። ስለትዎ ያኔ ገባ ማለት ነው። ልጅዎን ሚካኤል ይጠብቀዋል፣ ከአንዲት ልጅ ስህተት ጋር አይተሳሰብም።»

እኔ ዓይኔን ከመሬት አላነሳሁም። አማቴ ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«የምሰጠውን ሳላውቀው አልሰጥም» አሉ። «ቅጂልኝ።»

ሸዋዬ ልትቀዳ ተነሳች። «አይ፣ እሷ ትቅዳልኝ» አሉ።

ቀድቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ከመጡ ጀምሮ፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ከእጄ የተቀበሉት የመጀመሪያው ነው። ትንሽ ያዙት አፋቸው ውስጥ። ዋጡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ መረራቸው ብዬ ሞትኩ።

«ብቅሉ የኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያወቅኩት ነው፣ የደጄ ገብስ ነው። ጣፋጩ ስለቴ ነው። ይሄ ጭሱ ግን... ይሄን አውቀዋለሁ። የት ነው የማውቀው?»

እኔ ወይራ ነው፣ ሦስት ጊዜ አጠንኩት ልል አፌን ከፈትኩ።

«ወተቱ ውስጥ ነበር» አሉ።

«የቱ ወተት እማማ?»

«ስድስት ቀን ያጠጣሽኝ ነዋ!» አሉ። «የማላውቅ መስሎሻል? ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ለቆኝ ነበር። ዓይኔን የጨፈንኩት እንዳላፍር ነው። ከእጇ አልበላም ስል ከርሜ፣ በየትኛው ዓይኔ ልይሽ? ያውም በጽጌ፣ ያውም ወተት! አባ፣ ይፍቱኝ፣ አራት ቀን እያወቅኩ ገድፌያለሁ።»

አባ ገብሬ ሳቃቸው ፈነዳ። «እግዚአብሔር ይፍታ፣ በሽተኛ ጾም የለበትም» አሉ። ታደሰ ሲስቅ እንባው ይወርዳል፣ ያን ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አማቴም እጄን ያዙና «እኔ ጾሜን ባንቺ ወተት ፈታሁ፣ አንቺ ስለቴን በጋንሽ ጠመቅሽ፣ እንግዲህ እኩል ነን» አሉኝ። «ጨምሪልኝ።»

በማግስቱ ጋኑን አራት ወታደር ተሸክሞ ደጀ ሰላም አስገባው። አማቴ አጠገቡ ቆመው ራሳቸው ይቀዳሉ፣ ጉልበቱን ከየት እንዳመጡት እንጃ። ሰው ይጠጣል፣ ይገረማል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠጣል። አንድ ዓይነ ስውር ለማኝ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው፣ ጠላ የሚያውቅ ሰው። ጨለጠውና «ይህን የጠመቀች የማን አገር ሴት ናት? ጎጃምም አይደለች፣ ጎንደርም አይደለች፣ ሽታው አልመጣልኝም» አለ።

እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። እንግዲህ የልጄ ሚስት ናት ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ፣ እሱም ይበቃኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

አማቴ ጣሳውን ሞልተው ሰጡትና «የማንም አገር አይደለችም፣ ልጄ ናት» አሉት።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው ሁሉ አማት አማት እያለ ያማል፣ እኔ ግን ሁለት እናት ነው የቀበርኩት። አንቺ ምን ታለቅሻለሽ? ጻፊ እንጂ።

— እየጻፍኩ ነው እማማ። ከዚያ በኋላስ በዘቢብ ጠምቀው ያውቃሉ?

— ጠምቄአለሁ እንጂ፣ ብዙ ጊዜ። እየገዛሁ። ጥሩ ነው፣ ሰው ያመሰግናል። አማቴ ግን እየቀመሱ «ይሄ ጠላ ነው» ይሉኝ ነበር። (ሳቅ) «ያኛው ግን አልቅሰሽበታል።»